የጠራ ውኃ ሁሉ ሕያው አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ወደ እንጦጦ ተራራ የወጣ ሰው፥ በኪዳነ ምሕረት ጠበል ለመጠመቅም ቢሆን በባሕር ዛፉ ጥላ ለማረፍ፥ በውኃ መለያ ላይ መቆሙን ልብ ማለት ይገባዋል። በሰሜኑ ገጽ የሚወርደው ዝናም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በደቡቡ ገጽ የሚወርደው ግን በቀበናና በሌሎቹ ጅረቶች አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አቃቂና ወደ አባ ሳሙኤል፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። እንግዲህ ከየካ ተዳፋት ወደ ወንዝ የጣልነው ነገር ከዓይናችን ይሰወራል እንጂ የሚያጥበው ባሕር የለውም።

ይህን ይዘን አንድ የሩቅ አገር ነገር እንመልከት። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ጢስ ድኝ አለበት፤ ድኙም በአየር ላይ ከእርጥበት ጋራ ሲዋሐድ ወደ አሲድ ተለውጦ ከዝናም ጋራ ይወርዳል። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሮበርት አንገስ ስሚዝ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1872 ስለ አሲድ ዝናም በመጽሐፍ ጻፈ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ1960ዎቹ፥ የስዊድኑ ሊቅ ስቫንተ ኦዴን የስካንዲናቪያ ሐይቆች የሚኮመጥጡት ከእንግሊዝና ከመካከለኛው አውሮፓ በነፋስ በሚመጣ ጢስ እንደ ሆነ አስረዳ። ጢሱን ያወጣው አንዱ አገር፤ ዓሣው ያለቀበት ሌላው!

ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ሲሆን፥ ከእርሱ በታች ያለው ወደ ሎሚ፥ በላይ ያለው ወደ አመድ ውኃ ያደላል፤ አንድ ደረጃ መውረድም ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ መጨመሩ ነው። ውኃው ከ6 በታች ሲወርድ ቀንድ አውጣዎች መጥፋት ይጀምራሉ፤ ወደ 5 ሲደርስ የብዙው ዓሣ እንቁላል አይፈለፈልም። አሲዱም ከአፈር አሉሚኒየምን እየፈታ ያወርዳል፤ ይኸውም ዓሣው በሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ተጣብቆ ያፍነዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፥ እንዲህ ያለው ሐይቅ ሲሞት አይገማም፤ ይጠራል። ታቹ ድረስ ይታያልና መንገደኛው «እንዴት ያለ ንጹሕ ውኃ ነው!» ብሎ ያደንቃል። አጥማጁም ለጥቂት ዓመታት ትልልቅ ዓሣ እያወጣ ደስ ይለዋል፤ ትልልቁ ብቻ የሚወጣው ግን የሚተካ ልጅ ስለ ጠፋ ነው።

ስዊድኖች በሐይቆቻቸው ላይ ኖራ መበተን ያዙ፤ ይህ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጢሱን አያቆምም። ስለዚህ በ1979 መንግሥታት በጄኔቫ ተሰብስበው ድንበር ስለሚሻገር ጢስ ተዋዋሉ፤ ድኙም ሲቀንስ ከሐይቆቹ አንዳንዶቹ ቀስ በቀስ ማገገም ጀመሩ። በ4ኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 2 እንደ ተተረከውም፥ የኢያሪኮ ውኃ በተበላሸ ጊዜ ነቢዩ ኤልሳዕ ጨዉን የጣለው በምንጩ ነበር።

የእኛ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፥ እነ ሻላና አብያታ፥ በተፈጥሮአቸው ወደ አመዱ ወገን ያደላሉ፤ የእኛ ኮምጣጣነት በደጋው እርሻ አፈር ላይ ነው፤ ገበሬው ኖራ የሚበትነውም ለዚህ ነው። ሆኖም አብያታ ያንኑ ሕግ ከሌላው ጫፍ ያሳየናል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውኃ ለመስኖ ተቀነሰ፤ ከሐይቁም ለሶዳ ፋብሪካ ተቀዳ፤ ሐይቁ ሸሸ፥ ጨዉ በረታ፥ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴት ጎጆ ሠርተው ለምግብ ወደ አብያታ ይበርሩ የነበሩት ፔሊካኖች ማዕዳቸው ተነሣ። እኛ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን ስንከራከር፥ የሚበላው ራሱ አለቀ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34፥ ጥሩውን ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው ስለሚያደፈርሱ በጎች ይናገራል። በእንጦጦ ግርጌ የምንኖር እኛ ከላይ ነን፤ ቀድመን እንጠጣለን። በቀበና ዳር መጸዳጃ ቤቱን ወደ ወንዝ የለቀቀ፥ የጋራዥ ዘይት የደፋ፥ የፋብሪካ ፍሳሽ በሌሊት የከፈተ ሰው፥ ውኃው ድልድዩን ካለፈ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በአቃቂ ግን ገበሬው በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማችን ገበያ ይወጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።