አንድ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር፦ በችግር ዘመን የአውሮፕላን ሞዴል ስለመሥራት
(ቦንጋ ላይ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



የዛሬው ርእሴ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞዴል መሥራት ነው፤ ያውም በችግር ዘመን። ኑሮ በከበደበት፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት በየሰፈሩ በበዛበት ሰዓት እንዲህ ያለ ርእስ ይዞ መቆም ቅንጦት የሚመስለው ሰው ከመካከላችን እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ግን ይህ ሥራ ከደህናው ቀን ይልቅ ለክፉ ቀን ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደማምን ከታሪካችን፣ ከሥራው ከራሱና ከዚሁ ከካፋ ምድር እያነሳሁ ላስረዳ።

በአገራችን ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ፋሺስት ጣሊያን ድንበር ጥሶ በገባበት ወራት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች አንዲት ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በረረች። ንድፏን ያወጣው ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ነው፤ በልዕልት ፀሐይ ስምም ተሰየመች። ወራሪው ማርኮ ወሰዳት። በቪኛ ዲ ቫሌ የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ስትታይ ኖራ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ያቺ ትንሽ አውሮፕላን ጦርነቱን አልቀለበሰችም፤ ልትቀለብስም አትችልም ነበር። ዳሩ ግን የጦር ወሬ ከየአቅጣጫው በሚጎርፍበት ሰዓት ማስመሪያ ይዘው የክንፏን ርዝመት የለኩ፣ ዕቃዋን አንድ በአንድ ያጋጠሙ ሰዎች ነበሩ። ፀሐይን ሳስብ ከበረራዋ ይልቅ ልቤን የሚነኩት እነዚያ እጆች የሠሩባቸው ቀናት ናቸው።

አየር መንገዳችንም የተወለደው ከጦርነት ፍርስራሽ ላይ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበሩ። ሲ-47 ማለት ዲሲ-3 የተባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ወታደራዊ ወንድም ነው። መንገደኛው በግድግዳው ጥግ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል። ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ክፉ ቀን መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዓለም ሰማይ ጭር አለ። አየር መንገዱ በዚያን ጊዜ ወደ 25 ከሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ወንበሮችን ነቅሎ ጭነት ጫነባቸው። አንድ ጊዜ ጭነት መሐል፣ ሰው ዳር፤ ሌላ ጊዜ ሰው ወርዶ ጭነት ብቻ፤ እንደ ጊዜው መሆን ነው።

እኔ የሞዴል ሥራን ጠበቅ አድርጌ የያዝሁት በዚያው በኮሮና ወቅት ነው። ብቻዬን አልነበርሁም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከቤት የማይወጣው ሕዝብ የሞዴል ሳጥን ፍለጋ ገበያውን አጨናንቆት ነበር። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች 500 ሺህ የአውሮፕላን ሞዴል እንዲሠሩለት ጠይቆ ነበር። ወታደሩ የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን በቅርጹ እንዲለይ የሚሠለጥነው በእነዚያ ከእንጨት በተጠረቡ ሞዴሎች ነበር። ልኬቱ 1 ለ72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ይህ ልኬት እስከ ዛሬ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ይሠራበታል። ልጆቹን ከጦርነቱ ወሬ ለማዘናጋት የተሰጠ ጨዋታ እንዳልነበር ልብ በሉ። አገር ያስፈልጉኛል ብላ ነው ያሠራቻቸው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ሞዴልን ከመጫወቻ የሚለየው ልክ ነው። ልጆቻችን ከበቆሎ አገዳና ከሽቦ መኪና ሲሠሩ ኖረዋል፤ እሰየው፣ እጃቸው ይባረክ። ያ መኪና ግን ጎማው ቢተልቅ፣ አፍንጫው ቢረዝም የሚጠይቀው የለም። ሞዴል ይጠየቃል። በፋብሪካ ተዘጋጅተው በሳጥን የሚሸጡት የመንገደኛ አውሮፕላን ሞዴሎች በብዛት 1 ለ144 ናቸው። እኔ ለቦንጋ ተማሪ የምመክረው 1 ለ100 ነው። የእውነተኛው አንድ ሜትር በጠረጴዛው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የደብተር ማስመሪያ ይበቃል፤ ሒሳቡም በቃል ይሠራል።

ዲሲ-3ን እንውሰድ። ርዝመቱ 19.7 ሜትር ነው፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር። ዛሬ ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የምናየው ባለፕሮፔለር ዳሽ 8 ኪው-400 ደግሞ 32.8 ሜትር ይረዝማል፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28.4 ሜትር ነው። ሁለቱን በልክ ሠርታችሁ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ክንፋቸው እኩል ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ይሁንና አንደኛው ሰውነቱ ከክንፉ ያጥራል፤ የሌላው ሰውነት ከክንፉ ይበልጣል። ተማሪው “ለምን?” ብሎ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ጠይቅ ሳይለው። ያን ጊዜ የክንፉን ስፋት እናሰላለን። የዲሲ-3 ወደ 92 ካሬ ሜትር፣ የኪው-400 ወደ 63 ካሬ ሜትር ነው። አዲሱ ጭነቱን ሞልቶ ሲነሳ ወደ 29 ቶን ይመዝናል፤ አሮጌው ከ12 ቶን አይዘልም። እንግዲህ ከባዱ በጠባብ ክንፍ፣ ቀላሉ በሰፊ ክንፍ ይበራል ማለት ነው። ዋናው ምክንያት ሞተሩ ነው። የድሮው የፒስተን ሞተር አቅሙ ትንሽ ስለሆነ አውሮፕላኑ በዝግታ፣ ከሣር ሜዳ ሳይቀር፣ መነሳት ነበረበት፤ በዝግታ ለመነሳት ሰፊ ክንፍ ይጠይቃል። የአዲሱ ተርባይን ኃይል በፍጥነት ስለሚገፋው ጠባቡ ክንፍ ይበቃዋል። ይህን የፊዚክስ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ አስተምሬዋለሁ። እንጨቱን በእጁ ይዞ ያነጻጸረ ልጅ ግን በጥያቄ ያፋጥጠኛል፤ የማስተማር ደስታ ለእኔ ይህ ነው።

ዕቃው ከየት ይምጣ? በዓለም ላይ ሞዴል ሠሪ የሚመርጠው ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት ነው፤ በብዛት የሚመጣውም ከደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ ቀርከሃ አለን። የካፋ ንብ አናቢ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ቀለበት አጉብጦ፣ ስንጣሪውን በቀለበቶቹ ላይ በቁመት ደርድሮ ቀፎ ይሠራል፤ ከላይ ያለብሰውና ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። የአውሮፕላን አካልም እንዲሁ ነው፤ ቀለበቱ ዙሪያውን ይይዛል፣ ዘንጉ በቁመት ይሄዳል፣ ልባሱ ከላይ ይወጠራል። ቀላል ሆኖ ጠንካራ እንዲሆን የሚያደርገው ይህ አሠራር ነው። ስለዚህ ለጀማሪዎች የአካሉን አሠራር እንዲያሳይልን የምንጋብዘው መምህር ቀፎ የሚሠራ አባት ቢሆን ደስ ይለኛል። ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ስለ ዝናቡ መናገር አለብኝ፤ ቦንጋ ላይ ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር አይለየንም። እርጥብ ቀርከሃ ተጣብቆ ሲያድር ደህና ይመስላል፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል፤ ነቀዝም ይገባዋል። መድኃኒቱን ከማድ ቤት አገኘነው። ስንጣሪውን አስሮ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ መስቀል ነው። ጢሱ ያደርቀዋል፣ ነቀዙንም ያርቀዋል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከዚያ ምላጭ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ኮላ በቂ ናቸው። የተላጠ ቦታ ቢኖር ደቃቅ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መሙላት ነው።

ከሥራው ሁሉ እኔን ደጋግሞ የሚጠራኝ የኪው-400 ፕሮፔለር ነው። እያንዳንዱ ሞተር ስድስት መቅዘፊያ አለው፤ የእውነተኛው ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.1 ሜትር ስለሆነ በእኛ ልኬት አንዷ መቅዘፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። ለሁለት ሞተር አሥራ ሁለት መቅዘፊያ ያስፈልጋል። ስንጣሪውን እንደ ወረቀት እስኪሳሳ እፍቀዋለሁ፤ በሻማ ነበልባል ላይ አሞቅና ከሥሩ ይዤ በጥቂቱ እጠመዝዘዋለሁ። ሥሩ ላይ ጥምዝዙ ይበዛል፣ ወደ ጫፉ እየላላ ይሄዳል። ጫፉ በአንድ ዙር የሚያቋርጠው መንገድ ከሥሩ ስለሚረዝም እጅግ ይፈጥናል፤ አየሩን በተመጣጠነ ኃይል እንዲገፋ አቀማመጡ መለየት አለበት። ነበልባሉ ትንሽ ከበዛ ቀርከሃው ይጠቁራል፣ ካነሰ ተመልሶ ይቃናል። ያን ጊዜ ሰው ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አይችልም። ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ደመወዝ፣ ከሩቅ ስለሚሰማው ክፉ ወሬ ማሰብ አይችልም። ሲነሳ ችግሩ በቦታው ይጠብቀዋል፤ እርሱ ግን አርፎ ተመልሷል። ችግር ሰውን የሚጎዳው በማጣት ብቻ አይመስለኝም፤ በእጁ የሚታዘዝለት ነገር እንዳይኖረው በማድረግም ይጎዳዋል። 2 ሚሊ ሜትር የበዛ ክንፍ ግን በሞረድ ይታዘዛል።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሳላነሳው ባልፍ ቅር ይለኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ “አውሮፕላን ማየት እንኳ እንዴት ያስችላችኋል?” ያሉኝ አሉ። ሐዘናቸውን እጋራለሁ። ስለ አደጋው የወጣውን ዘገባ ግን አነበብሁት። በአፍንጫው ጎን ያለች፣ አውሮፕላኑ ነፋሱን በምን ማዕዘን እንደሚገጥም የምትለካ አንዲት ትንሽ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ ሰጠች፤ በዚያች ብቻ የተመራው የቦይንግ 737 ማክስ ሶፍትዌር አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋው። በ1 ለ100 ልኬት ያቺ መሣሪያ ከሰናፍጭ ፍሬ ታንሳለች፤ በምላጭ ጫፍ ነው የምትቀመጠው። እርሷን በቦታዋ የሚያስቀምጥ ልጅ ነገ መሐንዲስ ወይም መካኒክ ቢሆን ትንሿን ነገር አይንቅም። የሟቾቹን ክብር የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ እንዲበዛ ይመኛል እላለሁ።

ፍላጎቱ እንደሆነ በወጣቱ ዘንድ ሞልቷል። በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ የጤና ባለሙያ ከገበያ በለቀመው ዕቃና በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ሰው የምትጭን አውሮፕላን በገዛ እጁ ገጣጥሞ ለሙከራ አውጥቷል። አልተነሳችለትም። ድፍረቱን አከብራለሁ። እኛ ግን ለልጆቻችን ሕይወት የማያስከፍለውን መንገድ አስቀድመን እንስጣቸው፤ ጠረጴዛ ላይ የተሰበረ ክንፍ ሌላ ስንጣሪ ነው የሚፈልገው።

ምን እንድናደርግ ነው የምጠይቀው? ብዙ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ክፍት ይሁን። የአናጢ ቤቶቻችን ቁርጥራጭ እንጨት አይጣሉ፤ ለልጆቹ ይስጡ። ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች የልጆቹ መሪዎች ይሁኑ፤ ጠዋት የሚነሱበት ምክንያት፣ የሚጠብቃቸው ልጅ ይኑራቸው። ሴት ልጆች ወንዶቹ ሲሠሩ ቆመው እንዳይመለከቱ አደራ እላለሁ፤ ስንጣሪ የሚሰነጥቅ፣ ክር የሚወጥር ጣት በቤታችን ያለው በአብዛኛው የእነርሱ ነው። በቦይንግ 787 አትጀምሩ፤ ክንፉ በእኛ ልኬት 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለትንሽ ጠረጴዛ አይመችም፤ ከዚያም በላይ እውነተኛው በክብደት ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ስለሆነ የክንፉ ጉብጠት ለጀማሪ እጅ ይከብዳል። በዲሲ-3 ጀምሩ። ሲያልቅ ከጎኑ ትንንሽ የቡና ጆንያዎች ደርድረን፣ ሰውና ጭነት አብረው በሚጓዙበት በዚያ ዘመን ሁኔታ ሠርተን፣ እዚሁ ቦንጋ ላለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ለማበርከት ብንጠይቅ ፈቃዱን እናገኛለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለዚህ ግን የእናንተ የታላላቆቻችን እርዳታ ያስፈልገናል። በጅማ፣ በሚዛን፣ በቴፒ ሜዳዎች ዲሲ-3 ሲያርፍ ያያችሁ፣ የተሳፈራችሁ፣ ዕቃ የጫናችሁ እናቶችና አባቶች አላችሁ። በቤታችሁ ግድግዳ ወይም በሳጥን ውስጥ አውሮፕላኑ ከኋላ የሚታይበት ፎቶግራፍ ካለ አሳዩን፤ አንወስደውም፣ እፊታችሁ ለክተንና ነድፈን እንመልሳለን። በተለይ የምንፈልገው የጭነት በሩ ተከፍቶ ያለበትን ነው። የበሩ አከፋፈትና የጆንያው አደራደር ከፋብሪካ ንድፍ ላይ አይገኝም። ፎቶግራፍ የሌላችሁም ያያችሁትን ንገሩን፤ ተማሪዎቹ ደብተርና እርሳስ ይዘው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።