ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትና አንድ ደብዳቤ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር እንድንናገር ጸሐፊያችን በጠየቁን ጊዜ፣ ስለ ድንኳኑ መቀደድ ወይም ስለ ወርኃዊው መዋጮ የምናወራ መስሏቸው ነበር። እኛ ግን ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት እንናገራለን አልናቸው። ሣቁብን። እንግሊዝኛ ደግሞ ከዕድር ምን አገናኘው ማለታቸው ነው። እንደሚገናኝ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

እኛ የቀለም ሰው አይደለንም። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ያለችንን እንግሊዝኛ የቃረምናት ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ የሰው ማመልከቻ ስንመዘግብ፣ ፋይል ስንሰፋ፣ ደብዳቤ ስንገለብጥ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሰው አንድን ቃል ሠላሳ ዓመት በአንድ ትርጉም ብቻ ሲያየው ከኖረ፣ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብሎ ከቶ አይጠረጥርም።

የመጀመሪያው ቃል «ሰት» ነው። የሰፈራችን ልጆች መረብ ኳስ ሲጫወቱ «ሦስተኛ ሴት» ሲሉ ሰምተን፣ ሁለቱ የታሉ ብለን የጠየቅን ሰዎች ነን። ስለዚህ እንዳይምታታ እዚህ «ሰት» እያልን እንሄዳለን። ሁለተኛው «ረን» ነው። ይህንን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሮጠ ማለት ነው። አንደኛ ክፍል ያለ ሕፃን እንኳ አይስተውም። ጣጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የልጅ ልጃችን በስልኳ ፈልጋ እንዳሳየችን፣ እንግሊዞች ኦክስፎርድ የሚባል ታላቅ መዝገበ ቃላት አላቸው። የመጀመሪያው እትም ከ1884 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. በክፍል በክፍል እየታተመ ወጣ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው እትም 20 ጥራዝ ነው። በዚያ እትም ውስጥ ከቃላት ሁሉ ብዙ ትርጉም ያለው ሰት ነበር፤ 430 ትርጉም ተቆጥሮለታል። ማብራሪያው ብቻውን ወደ 60 ሺህ ቃላት ይደርሳል፤ ያ እኮ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው። ለሦስተኛው እትም ሲሠሩ ግን ረን ቀደመው። በ2011 እ.ኤ.አ. እንደተነገረው፣ ረን በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉም ተገኘለት። ፒተር ጊሊቨር የሚባሉ አዘጋጅ በዚህ በአንድ ቃል ላይ ዘጠኝ ወር ሠሩ። ዘጠኝ ወር! ሴት ልጅ አርግዛ የምትወልድበት ጊዜ ነው።

ሰት ከሥሩ ሲታይ ቀላል ነው። እነሱ ዘንድ «ሲት» ተቀመጠ ነው፤ «ሰት» ደግሞ እንዲቀመጥ አደረገ ነው። እኛም ተቀመጠ፣ አስቀመጠ እንላለን፤ አካሄዱ አንድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን የማይደርስበት የለም። ገበታ ማዘጋጀት ሰት ነው። ወጥመድ ማጥመድ ሰት ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ቦታው ሲመልስ ሰት ነው። ማተሚያ ቤት ፊደል መልቀም ሰት ነው። የፈሰሰ ሲሚንቶ ሲጠጥር ሰት አደረገ ይባላል። ቤት ላይ እሳት መለኮስም ያው ነው። ፀሐይ እኛ ዘንድ ትጠልቃለች ወይም ትገባለች፤ እነሱ ዘንድ ሰት ታደርጋለች። ስድስት ስኒ ከነማስቀመጫው ሲሆን ደግሞ ሰት ይባላል፤ ይህኛው እንኳ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው ይላሉ፤ በድምፅ ተመሳስሎ ተቀላቀለ እንጂ።

ረንም እንዲሁ ነው። ወንዝ ይሮጣል፤ እኛ ይፈሳል እንላለን። አፍንጫ ይሮጣል። ሞተር ሲሠራ ሮጠ ነው፤ ቆሞም እየሠራ ከሆነ ሮጠ ነው። መንገድ ከዚህ እስከዚያ ይሮጣል። የታጠበ ልብስ ቀለሙን ሲለቅ ቀለሙ ሮጠ። በዘር የሚተላለፍ በሽታ በቤተሰብ ውስጥ ይሮጣል። ለምርጫ የቀረበ ሰው ይሮጣል፤ ይህስ እውነትም ሩጫ ነው። ከሁሉ የገረመን ግን ይህ ነው፤ አንድን ድርጅት ማስተዳደርም ረን ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ከሆነ ዳኛችን ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው ዕድሩን ያሮጡታል ማለት ነው። እንደ እኛ አስተያየት ረን ሰትን የቀደመው ማሽን ስለ በዛ ይመስለናል። ባቡሩም፣ ፋብሪካውም፣ አሁን ደግሞ ኮምፒዩተሩም በእነሱ አፍ ይሮጣሉ።

ፈረንጅ ቋንቋውን አበላሸው የምትሉ ካላችሁ የኛንም ተመልከቱ። ቆረጠ የምትለዋን ቃል ብቻ ውሰዱ። ሥጋ ይቆረጣል፤ ይኸ ግልጥ ነው። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይቆርጣሉ። አውቶቡስ የሚሳፈር ቲኬት ይቆርጣል። አሠሪ ደመወዝ ይቆርጣል። ሆድ ይቆርጣል። ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው ደግሞ ልቡ ቆርጦ ይነሣል፤ አንዱ መተው ነው፣ አንዱ መጀመር ነው፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። ሽማግሌዎች የሠርግ ቀን ይቆርጣሉ፤ ነጋዴ ዋጋ ይቆርጣል። እነዚህ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ሰት ናቸው። ቀን ሰት ይደረጋል፤ ዋጋ ሰት ይደረጋል። እኛ በቢላዋ የምናደርገውን እነሱ በማስቀመጥ ያደርጉታል። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው «ቀን ቆረጡ» ሲባል ምን ይመስለው ይሆን?

አሁን ወደ ደብዳቤው እንሂድ። የምንናገረው የራሳችንን ጥፋት ነው። የሚመለከታትን እናት ፈቃዷን ጠይቀናል፤ «ተናገሩት፣ ለሌላው ይጠቅማል» ብላናለች። ስሟን አንጠራም።

በ2004 ዓ.ም. የዚህች እናት ልጅ በዐረብ አገር በሹፌርነት ሲሠራ በመኪና አደጋ ሞተ። አስከሬኑ መጥቶ በዕድራችን ሥርዓት ተቀበረ፤ ድንኳኑን ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ባልዋ ቀድሞ የሞተባት ናት። የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ትማር ነበር። ከቀብሩ ሦስት ወር ያህል በኋላ ከውጭ አገር አንድ ደብዳቤ መጣላት፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ ብቻ። ወደ ማን ትሂድ? ሰፈሩ ውስጥ «ፍርድ ቤት የሠራ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ» ይባል የነበረው እኛ ነን። ለዝናችን ደስ ሳይለን አልቀረም።

መነጽራችንን አድርገን አነበብነው። ልጅዋ ስሙ ተጽፏል። የገንዘብ ልክ ተጽፏል። ቀጥሎ «ሰት አሳይድ» ይላል። ይህንን ቃል በሚገባ እናውቀዋለን! በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመ ስለሆነ፣ ስንት ጊዜ አይተነዋል። ተከሳሽ በሌለበት የተሰጠ ውሳኔ ይነሣልኝ ሲባል በእንግሊዝኛው በኩል ያለው ሰት አሳይድ ነው፤ ተነሣ፣ ተሻረ ማለት ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ ጊዜው «ረንስ» ይላል። ጊዜው ሮጠ። በእኛ አነጋገር ጊዜው ሮጠ ማለት አለፈ ማለት አይደለም ወይ?

ስለዚህ እንዲህ አልናት፤ «እኅቴ፣ ገንዘብ ነበረ፤ ነገር ግን ተሽሯል፤ ጊዜውም አልፏል ይላል።» አንድ ቃል አልመለሰችልንም። ደብዳቤውን ተቀብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ከልጅዋ ፎቶግራፍ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ዐሥር ወር አለፈ። አንድ ከሌላ ሰፈር የመጡ መምህር በቤቷ አጠገብ ተከራዩ። ቡና ሲጠጡ ስለ ልጅዋ ተነሣና ደብዳቤውን አወጣችላቸው። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያም «ይህንን ማን ተረጐመልዎ?» አሏት። ደብዳቤው የሚለው ለሟች ወራሾች ይህን ያህል ገንዘብ ለብቻው ተቀምጧል ነው። የመጠየቂያውም ጊዜ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ይቆጠራል ነው። ሰት አሳይድ፣ ተቀመጠ። ረንስ፣ ይቆጠራል። ሁለቱንም ቃላት ገልብጠን ነበር የነገርናት።

መምህሩ ወደ ቤታችን መጡ። አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቶ ነበርና በእውነት የሮጥነው ያን ጊዜ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ትርጉም፣ ማረጋገጫ ከውጭ ጉዳይ፤ የምናውቃቸውን የቀድሞ የሥራ ጓደኞች ሁሉ ደጅ ጠናን። ወረቀቱ ቀኑ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ተላከ። ገንዘቡም ዘግይቶ መጣ።

ልጅቱ ግን በነዚያ ዐሥር ወራት ውስጥ ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። እናትየዋ የቤት ኪራይና የወር ወጪ አልቻለችማ። በኋላ ማታ ማታ ተምራ እስከ ዐሥረኛ ደረሰች። ነርስ እሆናለሁ ትል የነበረች ልጅ ናት። አልሆነችም። ዛሬ ስታገኘን «አባባ» ብላ ጉልበታችንን ትስማለች፤ እኛም ቀና ብለን አናያትም።

ከዚያ ወዲህ ከመምህሩ የተማርነውን ልንገራችሁና እንጨርስ። ቃሉን ብቻውን አትዩት፤ ጎረቤቱን እዩ። ሰት አሳይድ የተባለው ገንዘብ ከሆነና «ለእገሌ» የሚል ካለበት፣ ተቀምጧል ማለት ነው። ሰት አሳይድ የተባለው ውሳኔ ወይም ትእዛዝ ከሆነ ተሽሯል ማለት ነው። ረን ከቀን ጋር ሲመጣ፣ «ከዚህ ቀን» ወይም «እስከዚህ ቀን» የሚል ከተከተለው ገና እየተቆጠረ ነው፤ «ረን አውት» ካለ ግን አልቋል። ይህችን ትንሽ «አውት» አለመኖሯን ብናይ ኖሮ ዐሥሩ ወር አይጠፋም ነበር። የሐኪም ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ሕመምተኛው ትኩሳት «ረን» ያደርጋል ቢል ትኩሳት አለበት ማለት እንጂ ትኩሳቱ ሸሸ ማለት አይደለም።

ልጆቻችን ዛሬ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ደብዳቤው በየቤቱ ይመጣል፤ አሁን በስልክም ይመጣል። ስልኩ ይተረጉማል የሚሉ አሉ። ይተረጉማል፤ ግን እንደ እኛው ተሳስቶ እርግጠኛ ሆኖ ሲናገርም አይተነዋል።

ስለዚህ ለሥራ አመራሩ አንድ ሐሳብ አቅርበን ተቀብለውናል። ከውጭ አገር ስለ ሞት፣ ስለ ካሣ ወይም ስለ ውርስ ደብዳቤ የመጣለት አባል ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ዕድሩ ቤት ያምጣው። መምህሩ ይኖራሉ፤ እኛም እንኖራለን፤ ሁለታችን በየፊናችን አንብበን ካልተስማማን ወደ ሦስተኛ ሰው እንወስደዋለን። ክፍያ የለውም። ፖስታውን አትጣሉ፤ ቀኑ የሚታወቀው ከማኅተሙ ነው። በሳጥን ያስቀመጣችሁት የቆየ ደብዳቤ ካለም፣ ቀደም ሲል እኛ ያነበብንላችሁ ከሆነ ደግሞ ይልቁንም፣ እባካችሁ መልሳችሁ አምጡት።