የ93 በመቶዋ ወሬ

«ሰው ከሚግባባው 93 በመቶው ያለ ቃል ነው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም፤ አሠልጣኞች የሚወዷት ቁጥር ናት። መነሻዋ አልበርት ሜራቢያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች ናቸው። ጥናቶቹ ግን የፈተሹት ነጠላ ቃል፣ የድምፅ ቃናና የፊት ገጽታ መውደድንና መጥላትን እንዴት እንደሚያስተላልፉ ብቻ ነበር። ሜራቢያን ራሳቸውም ከስሜት ውጭ ላለ ንግግር ቁጥሯ እንደማትሠራ ተናግረዋል። 93 በመቶዋ እውነት ብትሆንማ ኖሮ ሬዲዮ ማን ያዳምጥ ነበር?

አካል አይናገርም ማለቴ ግን አይደለም። እኛ ዘንድ ትንፋሽን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ መሳብ «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ማለት ነው፤ እንግዳ ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። ለታላቅ ዕቃ የምናቀብለው በሁለት እጅ፣ ወይም ቀኝ ክንዳችንን በግራ ደገፍ አድርገን ነው።

የሚያሳስበው የዓይን ነገር ነው። ዓይኑን ሰበር አድርጎ ለታላቁ የሚመልስ ልጅ እዚህ ጨዋ ይባላል። ዋሽንግተን ውስጥ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ግን ያው ጨዋነት በራስ አለመተማመን፣ አንዳንዴም የሚደብቀው ነገር ያለው ያስመስለዋል። ውሸታም እኮ ዓይን ለዓይን እያየም ይዋሻል! ቀጣሪም ሁኑ መምህር፣ አቀርቅሮ በሚመልስ ሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩለት።