ቤት ለመግዛት አቅማችን ደርሷል ወይ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



በአዲስ አበባ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው የቤት ነገር እንቅልፍ የሚነሣ ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ነው። ከዚህም የተነሣ «ቅድመ ክፍያው ብቻ ይሙላልኝ እንጂ የቀረውን አላህ ያውቃል» ብሎ መነሣት የተለመደ ሆኗል። አላህ ማወቁንስ ያውቃል፤ ውሉን ፈርሞ ዕዳውን የሚሸከመው ግን ፈራሚው ነው። ስለሆነም ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ቅድመ ክፍያውን ካገኛችሁ በኋላ የሚመጡትን አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት መሸከም መቻላችሁን በምን ታውቃላችሁ የሚል ነው።

በቅድሚያ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እንመልከት። በመርካቶም ሆነ በሌላው ሰፈር አብዛኛው ሰው የሚተማመነው በዕቁብ ነው። ዕቁብ ግን ቶሎ ለወጣለት ሰው ቁጠባ ሳይሆን ብድር ነው። የ50 ሳምንት ዕቁብ በ5ኛው ሳምንት የወጣለት ሰው ገና 45 ሳምንት መጣል አለበት። ያንን ገንዘብ ለቤት ቅድመ ክፍያ ከሰጠ ዕቁቡንና የቤቱን ክፍያ ባንድ ላይ ሊሸከም ነው። የራሱን ገንዘብ የተቀበለው መጨረሻ ላይ የወጣለት ብቻ ነው።

የሚስት ወርቅም ሌላው ነው። መህሯ የራሷ ሀብት በመሆኑ፣ ባል ሳይጠይቅ በልቡ ደምሮት ከሆነ ሒሳቡ ከወዲሁ ተበላሽቷል። ወዳ ከሰጠችም ስጦታ ይሁን፣ ብድር ይሁን፣ ወይስ በቤቱ ላይ ድርሻ፣ ያኔውኑ ይጻፍ። ከአጎትና ከአማች የተወሰደውም እንዲሁ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ የወረደው ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን እናስታውስ።

ወደ ዋናው ነገር ልለፍ። እንበልና ዛሬ 10,000 ብር ኪራይ ትከፍላላችሁ፤ ልትገዙት ያሰባችሁት ቤት የወር ክፍያ ደግሞ 18,000 ብር ነው። ልዩነቱ 8,000 ብር ይሆናል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል በየወሩ፣ ቀን ሳታሳልፉ፣ ይህንን 8,000 ብር ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ አስቀምጡና አትንኩት። በዓመቱ ውስጥ ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ከገጠር የእናት መልእክት ይደርሳል፤ ኑሮ ይኸው ነው። ይህ ሁሉ አልፎ ገንዘቡ ካልተነካ 96,000 ብር በእጃችሁ ይኖራል፣ አቅማችሁም ተፈትኗል። ሦስት አራት ጊዜ ከተነካ ግን መልሱን ማንም ሳይነግራችሁ አግኝታችኋል። ነጋዴ የሆናችሁም በረመዳንና በዒድ ሰሞን ገበያ አትለኩ፤ የክረምቱን ቀዝቃዛ ወር ያዙ። ቤቱ ገና በግንባታ ላይ ከሆነ ፈተናው ይጠነክራል፤ ተሠርቶ እስኪያልቅ ኪራዩም ክፍያውም ስለማይቀር ማስቀመጥ የሚኖርባችሁ ሙሉውን 18,000 ብር ነው።

ይህን ገንዘብ በቅድመ ክፍያው ላይ መጨመር ያጓጓል፤ እኔ ግን አልመክርም። ቁልፍ መረከብና ቤት መግባት የተለያዩ ናቸው። የስም ማዞሪያው፣ የቴምብር ቀረጡ፣ ቀለሙ፣ የወለሉ ንጣፍ፣ የማዕድ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ከዚያው ይወጣል። ኮዬ ፈጬ ወይም አራብሳ ገብቶ መርካቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ የትራንስፖርቱን ወጪ እንደ ሁለተኛ ኪራይ ይቁጠረው።

ስለ ውሉ ዓይነትም ጥቂት ልበል። በ2005 ዓ.ም. የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 የቤት ምዝገባ በተካሄደ ጊዜ ብድሩ ወለድ ያለበት መሆኑ ለሙስሊሙ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ዛሬ ሌላ በር አለ። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀምሯል፣ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። ይሁን እንጂ ከወለድ ነፃ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም። በሙራባሓ ባንኩ ቤቱን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ገልጾ ይሸጥላችኋል፤ ዋጋውም በፊርማው ቀን ይቆረጣል። ስለዚህ የወሩን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ዋጋ ጠይቁ። ባንኩ ከመሸጡ በፊት ቤቱን በእርግጥ ገዝቶታል ወይ? ክፍያ ሲዘገይ ቅጣት ካለ ገንዘቡ ለማን ይሆናል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ አትፈሩ። ከቤት ገንቢ ጋር የምትዋዋሉ ከሆነም ዋጋው ከዶላር ጋር መታሰር አለመታሰሩን እዩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ሰው ዕዳው ስንት እንደሆነ በትክክል ማወቅ አይችልም።

የሚዘነጋ አንድ ነገር ልጨምር። ለመኖሪያ በተገዛ ቤት ላይ ዘካ የለም፤ ለመግዣ ብለን ያጠራቀምነው ገንዘብ ግን ኒሳብ ሞልቶ ዓመት ከዞረው፣ እንደ ብዙዎቹ ዑለማዎች አስተያየት፣ ዘካው ይወጣለታል። ይህንንም ከሒሳቡ አስገቡ። ከመፈረማችሁ በፊት የውሉን ቅጂ ይዛችሁ ስለ ሐላልነቱ ዓሊሞችን፣ ስለ ግዴታው ደግሞ ሕግ አዋቂ አማክሩ፤ ሻጩ «ዛሬውኑ ካልፈረምክ ያመልጥሃል» ቢልም እንኳ።