ከመፈረማችን በፊት እናንብብ



እዚህ ካሊፎርኒያ ውስጥ ገበያ ስንወጣ በር ላይ ወረቀት ይዞ «ይፈርሙልኝ» የሚል ሰው አያጣንም። ዛሬ ስለዚያ ወረቀት ጥቅምና ስጋት እንነጋገራለን።

ሕዝብ ራሱ ሕግ አቅርቦ በድምፁ የሚያጸድቅበት መብት በዚህ ስቴት የተገኘው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1911 ነው። የካሊፎርኒያ ሴቶች የመምረጥ መብትም የጸደቀው በዚያው ዕለት፣ በ3,587 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። «የእኔ ድምፅ ምን ያመጣል?» የምትል እህት ካለች ይህን ታስብ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲስ ሕግ ለማቅረብ፣ በመጨረሻው የአገረ ገዢ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 5 በመቶ የሚያህል የመራጮች ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ደግሞ 8 በመቶ። ጊዜው 180 ቀን ነው።

ጥቅሙ፣ ምክር ቤቱ ያላነሣውን ጉዳይ ሕዝብ ማንሣት መቻሉ ነው። በ1998 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 10 በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ 50 ሳንቲም ግብር ጥሎ፣ ገንዘቡ ለትንንሽ ሕፃናት አገልግሎት እንዲውል አደረገ። እናቶች ነንና ጥቅሙ ይገባናል።

ስጋቱስ? ፊርማ ማሰባሰብና ማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ባለ ገንዘቡ ይቀድማል። በ2020 የቀረበው ፕሮፖዚሽን 22 በስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ሾፌሮች ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግላቸው እንደሚሠሩ እንዲቆጠሩ የሚል ነበር። ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው አሸነፉ። ሕጉ ለሾፌሮቹ ዝቅተኛ የገቢ ወለል አስቀምጧል፤ የተቀጣሪን ሙሉ መብት ግን አልሰጠም። ምክር ቤቱ ላሻሽለው ቢል እንኳ ከስምንት አባላት የሰባቱ ድምፅ ያስፈልገዋል። ከመካከላችን ስንት ቤት በዚህ ሥራ እንደሚተዳደር እናውቃለን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እንዲህ ያለውን ሕግ ግን ካፈሰሱት በኋላ መልቀም ከባድ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችንም፣ ድምፅ ከመስጠታችንም በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ገንዘቡን ማን አወጣ? ማን ይጠቀማል? ስሕተት ቢገኝበት እንዴት ይታረማል? ከምርጫ በፊት በወርኃዊ ስብሰባችን የመራጮችን መመሪያ መጽሐፍ አብረን እናንብብ፤ እንግሊዝኛ የሚቀናት ለሌሎቹ ታስረዳ። ዜግነት ያላገኙ እህቶቻችንም ይምጡ፤ ባይመርጡም ሕጉ እነሱንም ይነካቸዋል። ማኅበራችን ማንንም «ይህን ምረጪ» አይልም። አውቀን እንምረጥ ነው የምንለው።