ጠፈር ላይ የቀረው ጫካ

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ የአሜሪካ ፊልም ነው። ስሙ «ሳይለንት ረኒንግ» ይባላል። ያዘጋጀው ዳግላስ ትረምቡል ሲሆን የወጣው በ1964 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ በሐሳብ የተፈጠረ፣ ገና ያልመጣ ዘመን ታሪክ ነው።

በዚያ ዘመን ምድር ላይ ጫካ የሚባል ነገር አልቋል። የተረፈው ዛፍ በመስታወት ጉልላት ሥር፣ በጠፈር መርከቦች ላይ ሆኖ ሳተርን ከምትባለው ፕላኔት አጠገብ ይኖራል። ሎዌል የሚባል ሰው ይኮተኩተዋል፣ ያጠጣዋል። አንድ ቀን ታዲያ ትእዛዝ መጣ፤ መርከቦቹ ለንግድ ስለሚፈለጉ ጫካው ይፈንዳ ተባለ። ሎዌል እምቢ አለ። ጫካውን ለማዳን ሲልም ሦስት የሥራ ጓደኞቹን ገደለ። እዚህ ላይ እኛም ስንከራከር አመሸን። ቁጣው ይገባናል፤ ስለ ዛፍ ተብሎ ሰው መግደሉን ግን አንቀበለውም።

ከዚያ ጫካው ይጠወልግ ጀመር። ውሃ አለው፣ አፈር አለው። ሎዌል ምክንያቱ ጠፋበት። እናንተ ብትሆኑ እኮ ወዲያው ታውቁት ነበር፤ ጥላ ሥር የተዘራ በቆሎ ምን እንደሚሆን ማን ያጣዋል! መርከቧ ከፀሐይ ርቃ ኖሯል። በኋላ ነገሩ ሲገባው መብራት ተከለለት።

መጨረሻ ላይ ሌላ መርከብ ፈልጎ ሲደርስበት፣ ጉልላቱን ወደ ጠፈር ለቀቀውና ራሱን ከነመርከቧ አፈነዳ። ጫካው የቀረው ለአንድ ትንሽ ሮቦት ነው። ሮቦት ማለት ሰው የሚያዘው የብረት ሠራተኛ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሮቦቱን ልብስ ለብሰው የሠሩት ሁለት እግራቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። ያ ሮቦት አሮጌ የውሃ ማጠጫ ይዞ፣ ሎዌል እንዳስተማረው፣ አትክልቱን ያጠጣል።