የሜዳው ውሃ ገቢና ወጪ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በስብሰባዎቻችን ስለ መሬት ብዙ ተብሏል፤ መሬቱ ስለሚጠጣው ውሃ ግን የተባለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ አፈር ውሃ ሒሳብ ይሆናል። ምሳሌያችንንም የምንወስደው ነገሩ በብዙ ከተመረመረበት ስፍራ፥ ፕሬሪ ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ነው።

የውሃ ሒሳብ እንደ ቤት ሒሳብ ነው። ገቢው ዝናብና በረዶ ነው። ወጪው ሦስት ነው፤ ይኸውም ከአፈርና ከቅጠል የሚተነው፥ በምድር ላይ የሚፈሰው፥ ከሥር አልፎ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ነው። ገቢው ሲበልጥ አፈሩ ያጠራቅማል፤ ሲያንስ ካጠራቀመው ይከፍላል።

በካናዳ በሳስካችዋን፥ በሳስካቱን ከተማ አካባቢ፥ የዓመቱ ዝናብና በረዶ ቢደመር 350 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፀሐይና ነፋስ ሊወስዱት የሚችሉት ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። በሞቃቱ ወራት የዘነበውን አብዛኛውን ስንዴውና ሣሩ ይጨርሱታል። ታዲያ የጉድጓዱ ውሃ ከየት ይመጣል?

መልሱ ያለው በጎድጓዶቹ ነው። በጥንት ዘመን አገሩን ሸፍኖ የነበረው የበረዶ ግግር ሲያፈገፍግ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ትናንሽ ጎድጓዶች ትቶ ሄደ። በብርዱ ወራት ነፋሱ በረዶውን እየጠረገ ወደነዚህ ያከማቻል። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ አፈሩ ገና በብርድ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነውና ብዙው ውሃ መስረግ አቅቶት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ኩሬም ይሆናል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል። አብዛኛው ግን ወደ ኩሬው ዳር ዞሮ በዚያ የበቀሉት ዛፎችና ሣሮች ይጠጡታል። ወደ ጥልቁ የሚደርሰው፥ በሜዳው ሁሉ ላይ ቢዘረጋ፥ በብዙ ቦታ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሆኖም ጥልቁ ጉድጓድ የሚኖረው በዚህ ጥቂት ነው።

ከሳስካቱን በስተ ምሥራቅ ባለው በሴይንት ዴኒስ የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ከእርሻው ከፊሉ ቋሚ ሣር ተዘራበት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሣሩ መካከል የነበሩት ኩሬዎች ደረቁ፤ በአጠገባቸው በታረሰው መሬት ያሉት ግን ውሃ መያዛቸውን ቀጠሉ። ቫን ደር ካምፕና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ገለጹ። ሣሩ በረዶውን ባለበት ያዘው፤ ያልታረሰው አፈርም ቀዳዳና ስንጥቅ ስላበጀ የቀለጠው ውሃ ወደ ጎድጓዱ ሳይወርድ በቦታው ሰረገ፤ ሣሩም ጠጣው። እንግዲህ መልካም የሚመስለው ሥራ እንኳ ሒሳቡን እንደሚለውጥ ልብ እንበል።

በዚያው ሜዳ ብዙ ኩሬዎች በቦይ ተጠንፍፈው እርሻ ሆነዋል። ቦዩን የቆፈረው ገበሬ ጥቅሙን ወዲያው ያገኛል፤ ጎርፉ የሚደርሰው ግን በታች ባለው ጎረቤት ላይ ነው፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ ቢጎድል የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እዚህ ግን እያሳሳቀ የሚሄደው ራሱ ውሃው ነው። ስለዚህ የውሃ ነገር ለአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ የሚተው አይደለም።

እኛስ? የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ቢመለስበትም፥ የከተማው፥ የመስኖውና የትነቱ ወጪ ከገቢው ሲበልጥ ምን እንደሚሆን አይተናል፤ ደለሉም የራሱ ድርሻ ነበረው።

በአገራችን እርሻ ላይ በክረምት የሚጠጥር አፈር የለምና የፕሬሪን መልስ ገልብጠን ብንወስድ አይረባንም። ጥያቄውንና መለኪያውን ግን ልንወስድ ይገባናል። በውጭ ያለን ስሌቱን እንማር፤ በአገር ቤት ያላችሁ የዝናቡንና የጉድጓዱን ልክ በየወሩ መዝግቡ፤ ምንጩ መቼ እንደሚጎድል የሚያውቀውን ገበሬም ጠይቁ። ገቢው ሳይታወቅ ወጪ የሚታዘዝበት ቤት እንደማይጸና ሁላችንም እናውቃለን።